ያልወጣልኝ ቃል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለየምሥራች፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ምንይችል ደህና ነው? ልጅሽ ፋናስ ጉንፋኑ ለቀቃት? የሐዋሳው ሙቀትስ ተስማማሽ? እኛ ከእናታችን የጉልበት ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ከአጠገቤ ስለማትርቅ ነው።

ወንድማችንን ኪዳኑን በባጃጅ ገጭቶ የገደለብን ክንዴ ሽማግሌ መላኩን ሰምተሻል። ሽማግሌዎቹ ጥር ሃያ አምስት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰየሙ። መቼም እንደምታውቂው፣ ከሟች ወገን አንዱ ቆሞ ሕዝብ እየሰማ "ይቅር ብያለሁ" ካላለ እርቁ አይጸናም። የቀረሁት ወንድ ደግሞ እኔ ነኝ። ተነሣሁ። ምላሴ ተሳሰረ። ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቀኝ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሽማግሌዎቹም "ሰው ፊት መናገር ፈርቶ ነው" ብለው ለየካቲት ዘጠኝ ቀጠሩን።

ከዚያ ወዲህ መካሪዬ በዛ። አስተማሪው መሳፍንት በረጅሙ ተንፍስ፣ አንድ ሰው መርጠህ እሱን ብቻ እያየህ ተናገር ይለኛል። የነፍስ አባታችን ጸበል ጠጣ ይሉኛል። እናታችን እንደ ተማሪ ታስጠናኛለች። እኔም ዘንገና ሐይቅ ዳር ከብት ስጠብቅ ለላሞቹ ንግግር አደርጋለሁ፤ ሳቂብኝ። ለሽማግሌዎቹ ምስጋናው፣ ስለ ሰላም የሚባለው፣ ሁሉም እንደ ውሃ ይወርድልኛል። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ግን ቀጥ ነው። በአገራችን ቋንቋ በአዊኛም ሞከርኩት፣ ያው ነው። ላም ፊት ደግሞ ምን ያስፈራል?

እህቴ፣ የያዘኝ ፍርሃት አይደለም። ይቅር አላልኩም። ይህን ለማን ልንገር? እናታችን ከጎረቤት ታርቄ ልሙት ትላለች። የክንዴ ልጆች እኛን ሸሽተው ከሩቅ ምንጭ ይቀዳሉ፤ እነሱ ምን አደረጉ? እምቢ ብል የሁሉ ጠላት ነኝ፣ እሺ ብል ውሸታም ነኝ። መውጫ መግቢያ አጣሁ። ልቤ ሳይል አፌ ቢለው ይቅርታ ይሆናል ወይ? ታላቄ ነሽና አንቺ ፍረጂኝ። በጎረቤታችን በእህተማርያም ስልክ ደውይልኝ፤ ለእናታችን ግን ምንም እንዳትነግሪያት።

እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች። ባለቤቴ ማስተዋልና ልጆቹ ናፍቀውሻል። ምንይችልን ሰላም በይልኝ፣ ፋናን ሳሚልኝ። ክንዴም ሰላም በሉልኝ ብሎሻል፤ በሽማግሌ ልኮ ነው። ስሙን በእጄ ጻፍኩት እንጂ፣ በአፌ ከጠራሁት ዓመት አለፈኝ።

ወንድምሽ ደሴ
ዘንገና፣ እንጅባራ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.