ቅኔ የማያውቀው ጸሐፊ

ሐምሌ 21 ቀን 1931

ጠዋት ማርያምን ስሜ ተመለስኩ። ከዚያ ዝናብ... ቤት ዋልኩ።

ማታ እናቴ፣ "አቶ ገብረኪዳን ጸሐፊ ይፈልጋሉ አሉ። ሂድ እንጂ!" አለች። የእህል ነጋዴው። አዲስ አበባ፣ ፈረንጆች ዘንድ፣ ንግድና የሒሳብ አያያዝ ተምሬ ጣሊያን ሲገባ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከኔ ሌላ ይህን የተማረ ማን አለ? ነገ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 22

ሄድኩ። ምን እንደምችል አልጠየቁኝም። የት እንደተማርኩ ብቻ።

"ሚሲዮን?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ቅኔ ቤት አልገባህም?"

"አልገባሁም። የተማርኩት ንግድ ነው።"

በረንዳቸው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። "ንግድም ትምህርት ሆነ?" አለ አንዱ። ሌላው ቀስ ብሎ "ጸረ ማርያም" ሲል ሰማሁት። ትናንት ማርያምን ስሜ የመጣሁትን ሰው! አናደደኝ።

ከዚያ አቶ ገብረኪዳን እንግዳ ነገር አመጡ። "'ጤፉ በቅሎ ይጠብቃል' ብልህ ምን ትሰማለህ?"

"ጤፉ በቅሏል ማለት ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ... አረም ያስፈልገዋል?"

ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "በል ደህና ዋል ልጄ።"

ሥራውን ለዲያቆን መዝገቡ ሰጡት። ከልጅነቱ ጀምሮ ቅኔ ቤት የኖረ ነው። ግን ሌላ ምን ሊሰማ ይችላል?

ሐምሌ 25

ጣሊያን ቢሮም ጸሐፊ ይፈልጋሉ። የፈረንጅ ትምህርት እንዳለኝ ሰምተዋል አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ደረቷን መታች። "የባንዳ እናት ከምባል በረሃብ ልሙት!" ጎተራው ግን ባዶ ነው። ቢጠሩኝ እምቢ ማለት ይቻላል?

ደግሞ ሌላ የሚበላኝ ነገር አለ። ቅኔ ለእህል ንግድ ምን ይሠራል? መዝገቡን መንገድ ላይ አገኘሁትና ጠየቅኩት።

"ጆሮ ይከፍታል" አለኝ እየሳቀ።

የኔ ተደፍኗል ማለት ነው?

ሐምሌ 28

ገባኝ!

ጎህ ሲቀድ ከኪዳን ስመለስ በአቶ ገብረኪዳን ጓሮ በኩል አለፍኩ። ጤፍ በስልቻ ተደርድሯል። ጎፈሬው የገዘፈ ሰው ባዶ በቅሎ እየሳበ ከጫካው መጣ፣ ጫነ፣ ወደ ጫካው ተመለሰ። ገበያው በዚያ በኩል አይደለም...

ጤፉ... በቅሎ... ይጠብቃል። ጤፉ መች በቀለና! የሚጭነውን በቅሎ ነው የሚጠብቀው። የአርበኞቹ ስንቅ!

መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ፈራሁ። በዚህች ቃል ሰው ይሰቀላል። እሳቸው የፈለጉት ጸሐፊ ይህን በአንድ ጊዜ የሚሰማ ነበር። ታዲያ በኔ ላይ የሳቁት ንቀት ነው ወይስ ጥንቃቄ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም። ከጣራው ሣር ውስጥ እሸጉጠዋለሁ።

ነሐሴ 3

ጣሊያን ቢሮ ጠሩኝ። ስገባ አቶ ገብረኪዳን በሁለት ዘበኞች መሀል ቆመዋል።

አስተርጓሚው፣ "ጸሐፊ መሆን ከፈለግህ ይህን ንገረን" አለኝ። "የእኚህ ሰው ጫኞች እብናት መንገድ ላይ 'ጤፉ በቅሎ ይጠብቃል' ይባባላሉ። ምን ማለት ነው?"

አቶ ገብረኪዳን መሬት መሬት ያያሉ።

"ጤፉ በቅሏል ማለት ነው" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ሌላማ... አረም ያስፈልገዋል?"

"ቅኔ አታውቅም?"

"የተማርኩት ሚሲዮን ነው ጌታዬ።"

አስተርጓሚው ከጣሊያኑ ሹም ጋር ተንሾካሾከ። የፈረንጅ ተማሪ አይዋሽም ብለው ነው መሰል፣ አመኑኝ። አቶ ገብረኪዳንን ለቀቋቸው። እኔን ደግሞ፣ "ቅኔ የማያውቅ አበሻ ምን ያደርግልናል? ሂድ!"

ሁለት ቤት በአንድ ምክንያት መለሰኝ! ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ነሐሴ 4

አቶ ገብረኪዳን ቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ የምታስቀምጥበት ጠፋት።

"ነገ ሥራ ግባ። ከመዝገቡ ጋር ትሠራለህ።" ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማንም ቢጠይቅህ ቅኔ አታውቅም" አሉኝ።

"አላውቅምኮ!"

ያቺን አረም አስታውሰው መሰለኝ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መስከረም 12 ቀን 1932

ጤፉ አድጓል፤ ያ ቃል ከእንግዲህ አያገለግልም። ዛሬ ደግሞ ከእብናት ለአርበኞቹ ስንቅ የላኩልን ገብስ መድረሱን እዚያ ላሉት ማሳወቅ ነበረብን። በምን ቃል? መዝገቡ አንድ ሁለት ሞከረ። ሁሉም ያማረ ነው... ሁሉም ረጅም ነው። ጫኝ እንዴት ይሸምድደው?

"'ገብሱ ደርሷል' ብንልስ?" አልኩ።

ወቅቱ ነው፤ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። የሰማ ሁሉ አጨዳ ነው የሚመስለው።

መዝገቡ ቀና ብሎ አየኝ። አቶ ገብረኪዳን ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ "ይህን ደግሞ የት ተማርከው?" አሉኝ።

ደግሞ 'የት ተማርክ'!

"እዚሁ፣ በረንዳችሁ ላይ፣ የሳቃችሁብኝ ቀን" አልኳቸው።

ሁሉም ሳቁ። ዛሬ ግን እኔም አብሬ ሳቅኩ።