በሱፍ ክር የተሰፋው ምዕራፍ

የካቲት 6
ለማንም ያልተናገርኩት ነገር... መጽሔቱ በየወሩ «የመጻሕፍት ወዳጃችሁ» እያለ ያስተዋውቀኛል፤ እኔ ግን ከመስከረም ወዲህ አንድ ልብ ወለድ አልጨረስኩም። ዕልባቴ ገጽ ሠላሳ ላይ ከርሟል።

ማታ ማታ አከራዬ እትዬ ተናኘወርቅ ዘንድ ገብቼ በአማርኛ የተተረጎመውን ተከታታይ ድራማ አያለሁ። ጎረቤቶችም እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዓይናቸው ቲቪው ላይ፣ እጃቸው የበግ ጸጉር ይፈትላል። የደጋዋ ከተማችን የመሐል ሜዳ ብርድ ሥራ አያስፈታም። የኔ እጅ ብቻ ነው ሥራ ፈት።

አዘጋጁ ልዑልሰገድ ከአዲስ አበባ ደወለ። «አሁን መጽሐፍ ማን ያነባል? ከፋሲካ በኋላ ገጽሽን የድራማ ወሬ እናድርገው።» እስከ ሆሳዕና ስለ አንድ መጽሐፍ ሰው የሚያወራለት ጽሑፍ ከላክሁ ግን ያስብበታል። እሺ አልኩ። ለየትኛው ነው እሺ ያልኩት?

የካቲት 8
ቅበላ። የድራማው ሙሽራ መኪና ውስጥ ገብታ በሩ ሳይዘጋ የዛሬው ክፍል አለቀ። እትዬ ተነሥተው ቲቪውን በሱፍ ብርድ ልብስ፣ በባና ሸፈኑት። ሁዳዴ እስኪያልቅ አይከፈትም።
«ሆድ ብቻ ነው እንዴ የሚጾመው?» አሉ።

የካቲት 12
ሴቶቹ ዛሬም መጡ። ልማድ ነው... ባና የለበሰ ቲቪ ፊት ተደርድረው ይፈትላሉ። አያልነሽ፣ አጥር የምንጋራት፣ ምላሷ የማያርፍ፣ «አንባቢ ነኝ ትዪ የለ? እስቲ አንብቢልን» አለች።

ያንኑ ጀምሬ የተውኩትን ከገጽ አንድ ጀመርኩ። የአንድ ባለ ወፍጮ ሴት ልጅና የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ታሪክ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ እንዝርቶቹ ቆሙ።
«ነገ ይቀጥላል?»

የካቲት 20
ምዕራፍ ሰባት። ልጅቱና ሾፌሩ ሆቴል ገቡ። ክትፎ ታዘዘ። ሾፌሩ እጇን ያዘ።
«አቁሚ» አሉ እትዬ።
«ገና እጇን ነው የያዘው፣ እትዬ።»
«ክትፎውስ?»
«ክትፎው ይለፍና እጁን እንስማ» አለች አያልነሽ።

አልሆነም። እትዬ መጽሐፉን ተቀብለው ምዕራፍ ሰባትን በሙሉ፣ ዳር ዳሩን፣ በመርፌና በሱፍ ክር ሰፉት። ለፋሲካ ይቆያል። «ብቻሽን እንዳታዪ። አብረሽን ትጾሚያለሽ።»
ለምን ተስማማሁ?

መጋቢት 4
ክርክሩ ዛሬም ምዕራፍ ስምንት ላይ ነው፤ ልጅቱ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሾፌሩ የለም። ሆቴሉ ውስጥ ምን ሆኑ?
«ሚስት አለችው። ያው ነው» አለች አያልነሽ።
«ደንግጦ ነው» አሉ እትዬ። «ወንድ ከልቡ ሲወድ ይደነግጣል።»
«የትኛው ወንድ?» አለች አያልነሽ።
እትዬ እንዝርታቸውን አሾሩት።

መጋቢት 19
መጽሐፉን ጨረስነው። ያለ ምዕራፍ ሰባት። የዓመቱ የመጀመሪያዬ... ልጅቱ ወፍጮውን ወረሰች። ሾፌሩ አንድ ቀን እህል ጭኖ መጣ። አስፈጨችለት፤ ቃል ሳትተነፍስ ሸኘችው። ለምን? መልሱ ስፌቱ ውስጥ ነው።

ልዑልሰገድ ጽሑፉን እየጠበቀ ነው። ግማሽ ነገሩን ስለማላውቀው መጽሐፍ እንዴት ልጽፍ? ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ሁለት ገጽ በጣቴ ከፈት አድርጌ ከታች በኩል፣ በክሩ ክፍተት አጮለቅሁ። አንድ ቃል ታየኝ። «ይቅርታ»።
መልሼ ዘጋሁት። ማን ለማን?

መጋቢት 26
ስለ ስፌቱ ጻፍኩ። አያልነሽ ያለችውን፣ እትዬ ያሉትን፣ ያላወቅነውን ሁሉ። ያችን አንዲት ቃል ግን ለራሴ አስቀረሁ። ላክሁት።

ሚያዝያ 1
ልዑልሰገድ ደወለ። ሰላምታም የለ።
«ሆቴሉ ውስጥ ምን ሆኑ?»
«አላውቅም።»
«መጽሐፉ እጅሽ ላይ አይደል እንዴ?»
«ተሰፍቷል አልኩህ እኮ።»
«እሱን ለሚቀጥለው ወር ጻፊው። ገጹ ለጊዜው ይቆይ።»
ለጊዜው ነው ያለው። ይሁን።

ሚያዝያ 3
ቀዳም ሥዑር። የእትዬ ቤት ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ነገ ተፈስኮ ሁሉም እዚሁ ይሰበሰባል።
«ሙሽራዋስ?» አለች አያልነሽ፣ ቲቪውን በአገጯ እያሳየች። «ሁዳዴን ሙሉ መኪና ውስጥ ናት።»
«ትጠብቅ» አሉ እትዬ፣ መቀሱን ባናው ላይ አስቀምጠው። «መጀመሪያ ክሩ ይቆረጣል።»

እኔ ይቅርታ የጠየቀው ሾፌሩ ይመስለኛል። ግን ከሆነ ለምን ዝም አለችው? ነገ ማታ፣ ማን እንደሆነ ከዚህ በታች እጽፋለሁ። አያልነሽ የምትለውንም ጭምር።