ማስታወሻችንን ላገደው የዩኒቨርሲቲያችን ኬላ

ለተከበሩ አቶ ሙራማትሱ
የዩኒቨርሲቲያችን የኔትወርክ ደህንነት ክፍል ኃላፊ
ቶያማ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ሆነ ሳያንቀላፉ ለሚጠብቁን ማሽኖችዎ የማይቋረጥ ጤና እመኛለሁ። ኩሬባያሺ ሺዮሪ እባላለሁ። መስማት ለተሳናት የክፍል ጓደኛችን ለካናዴ፣ መምህራን የሚናገሩትን እየተከታተልን ከምንተይብላት ሁለት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። አንዳችን ስትደክም ሌላዋ እየተቀበለች የምንጽፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ካናዴ ስክሪን ላይ ይወጣል።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ ላመሰግን እወዳለሁ። አጋሬ ሂናኮ በረዶ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ስትተኛ፣ «እጄ እኮ ደህና ነው፤ የመምህራኑን ድምፅ ላኩልኝና ከአልጋዬ ሆኜ እተይባለሁ» አለች። ፋየርዎል የሚሉት ኬላዎ ግን ከውጭ የመጣ ጽሑፍ መሆኑን ደርሶበት፣ የምንተይብበትን ገጽ በዓረፍተ ነገር መካከል ለሁላችንም ዘጋው። ስለ ኖራ ድንጋይ የተጻፈ ማስታወሻ ዩኒቨርሲቲውን ምን ሊያደርገው እንደነበር ስናስብ እስካሁን ይዘገንነናል።

ሁለተኛ፣ ገጹ እንደተዘጋ የሥነ ምድር መምህርታችን ቶኩናጋ ቀልድ ተናገሩና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ካናዴ ግራ ቀኝ እያየች ብቻዋን ቀረች። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ በወረቀት ላይ «ተይው፣ ያን ያህል አያስቅም» ብሎ ጻፈላት። እሷም ከሥሩ «ማሳቅ አለማሳቁን እኔ ልወስን» ብላ ጽፋ፣ መጽሐፏን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ክፍል መግባት ተወች፤ ትምህርቱንም ልታቋርጠው ነበር።

ሦስተኛ፣ ካናዴን ለምኜ ቢሮዎ ድረስ ይዣት መጣሁ። «ሂናኮ የራሳችን ተማሪ ናት» ብልዎ፣ «ከግቢ ውጭ ያለ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነው» ብለው በትሕትና ጎንበስ አሉ። ቀጥለውም ወደ ካናዴ ዞረው፣ «ችግር ሲያጋጥምዎ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልን» አሏት። ከንፈርዎን አንብባ፣ ስልኳ ላይ «ደውዬ ምን ልስማ?» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። ኮሪደሩ ላይ እስክንወጣ ድረስ ሳቃችንን መያዛችንን ወላጆቻችን ቢያዩ በኮሩብን ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳቋት እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ይህን የሰሙት መምህርት ቶኩናጋ «ኬላው ከግቢው በር አልፎ አይመጣም አይደል?» ብለው ተማሪውን በሙሉ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ኡዶን ቤት፣ ወደ ፓስታ ሾርባ መሸጫው፣ ወሰዱት። ባለቤቱ አቶ ጌንጎ «ኢንተርኔቱን እንደፈለጋችሁ፤ ኮምፒውተሩን ብቻ ሾርባው ውስጥ እንዳትከቱት» አሉን። መምህርቷ ያንኑ ቀልድ ደገሙት፤ ሂናኮም ከአልጋዋ ተየበችው። ካናዴ አነበበች፣ ጥቂት አሰበችና «እውነትም አያስቅም» ብላ ጻፈች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ መምህርቷ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ካናዴም ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድም ክፍል አላመለጣትም።

ኬላዎ የሚያሳልፈውን ያህል አክብሮት ብቻ እልክልዎታለሁ።

ኩሬባያሺ ሺዮሪ
ለጊዜው የኡዶን ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ተጨማሪ፦ «ለሁሉም ክፍት የሆነ ግቢ» በሚል ርዕስ ባደረጉት ንግግር ላይ ተገኝተን እንድንተይብ በኢሜይል ስለጋበዙን እናመሰግናለን። ኬላዎ መልእክትዎን አጠራጣሪ ነው ብሎ ይዞት ስለነበር የደረሰን ንግግሩ ካለፈ በኋላ ነው።