ጨርቅ ያልታሰረባት መኪና

ጥቅምት 6

ዛሬም ካልሲዬ ረጥቦ ገባሁ። ዝናብ ቤት ብለው ስም ያወጡለት እነማን ይሆኑ? ከአራቱም ግድግዳ ውኃ የሚረጭበት ክፍል... መኪናዋ ተገጣጥማ ስታልቅ ትገባለች። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ በሩን እዘጋለሁ፣ ውኃው ይለቀቃል። እጄን ከበሩ ሥር፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከጣሪያው ጥግ እየሰደድኩ እርጥበት ፍለጋ። ዕድሜዬ በዚህ አለቀ፤ በጠራራ ፀሐይ ዝናብ ውስጥ ተቀምጬ።

ጠዋት አንዷ ግራጫ መኪና በግራ በር በኩል ታንጠባጥባለች። ቀይ ምልክት ለጠፍኩባት። የፈረቃ አለቃችን መጣ። ቶሎ ቶሎ ነው የምንለው፣ ሌላ ቃል ስለማያውቅ። ምልክቱን በጥፍሩ ልጦ ጣለው።

"እትዬ፣ ይቺማ ጤዛ ናት። መንገድ ላይ ትደርቃለች።"

ጤዛ! ጤዛ ከበር ሥር ይንጠባጠባል እንዴ? "የሚገዛት ሰውዬ ጃንጥላ ዘርግቶ ይንዳት?" አልኩት። ሳቀ። መኪናዋም ሄደች።

ራት ላይ ለባለቤቴና ለልጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እንደ ወትሮው። ባለቤቴ ሲስቅ ትን አለው።

ጥቅምት 8

ልጄ አዲስ ምድብ ተሰጣት። አዋላጅ ናት። እስከ ዛሬ አንድ ቦታ ነበረች፤ አሁን ከከተማ ውጪ ያሉ ሦስት ጤና ጣቢያዎችን እየዞርሽ ያዢ ተብላለች። መንገዱ ኮረኮንች። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ። መኪና የግድ ነው፤ መሥሪያ ቤቷ በዱቤ ይፈቅድላታል።

እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ "ከእኛ ፋብሪካ ነዋ!" አልኩ። ልጄ ሳህኗን ታያለች።

"ከየትኞቹ?" አለ አባቷ። "ጃንጥላ ከሚያስፈልጋቸው?"

ደሜ ፈላ። መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኝ ነው፣ አዲስ ነው፣ ዋስትና አለው፣ ማንኛውም ጋራዥ ይከፍተዋል... እጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩለት። እሱ እቴ! የሚነዳት ታክሲ ከባሕር ማዶ አሮጌ ሆና የመጣች ናት፤ ከልጃችን ትበልጣለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም ይላል። ከዚያ ደግሞ በርጋታ፣ እንደ ሽማግሌ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ? ነጋ ጠባ የነገርሽን አንቺው ነሽ" አለኝ።

ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 9

ልጄንም እኮ እሰድባታለሁ። ጎረቤት ሲሰድባት ግን ዝም እላለሁ? እንዴት ይሄ አይገባቸውም!

ጥቅምት 14

የባለቤቴ ወንድም የመኪና ደላላ ነው። ከውጭ የመጡ ያገለገሉ መኪኖች የሚቆሙበት ግቢ ይዞን ሄደ። መንገዱን ሙሉ ሲለፈልፍ... "የውጩ አሮጌ ከዚህኛው አዲስ ይሻላል። ስትሸጪውም ዋጋውን አይጥልም። ያንቺዎቹ ከበር ሲወጡ ግማሽ ዋጋቸው ይቀራል።" ያንቺዎቹ! እኔ ብቻዬን ወልጄ ያሳደግኳቸው ይመስል።

መጀመሪያ ያሳየን አንዷን ሰማያዊ ነው። የምታብረቀርቅ፣ ሽቶ የተነሰነሰባት። ገባሁ። ምንጣፉን ገለጥኩ... ሽታው አልጣመኝም። የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ጫፉ ላይ ደረቅ ጭቃ፣ ልክ እንደ መስመር።

"ይቺ ጎርፍ ውስጥ ሰንብታለች" አልኩት።

"አቧራ ነው ባክሽ።"

"አቧራ ቀበቶ መጠቅለያ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?"

ዓይኑን በጨው አጥቦ አየኝ። የወንድሙን ልጅ እኮ ነው ጎርፍ በጠጣች መኪና ሊሰድ የነበረው! ልጄ እጄን ጨብጣ ሳቀች። እኔም በውስጤ ጨፈርኩ፤ አያችሁ የውጭ የውጭ የምትሉት!

ከዚያ ሌላ አሳየን። ነጭ፣ ብዙ የተነዳች። ገለጥኩ፣ ሳብኩ፣ ዳበስኩ፣ ተንበርክኬ ሥሯን አየሁ። ምንም። በሯን ዘጋሁት። ከፈትኩና ደግሜ ዘጋሁት። ልስልስ ያለ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ... የእኛዎቹ እንዲህ እንዲዘጉ ቶሎ ቶሎን ስንት ዓመት ለመንኩት? ቀናሁ። በብረት ይቀናል? ቀናሁ።

ጥቅምት 20

ዛሬ ለችንካር ነገርኩት። ከዝናብ ቤት በፊት በሮቹን የሚገጥመው እሱ ነው፤ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ችንካር አልነው። ልጄ መኪና ልትገዛ መሆኑን ስነግረው ዓይኑ በራ።

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ጨርቅ እናስርባታለን!"

እንዴት ረሳሁት! መኪናዋ የአንዳችን ቤተሰብ ከሆነች ገና ከመነሻዋ መሪዋ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይታሰራል። ቢሮ ያሉት አያውቁም። መስመር ላይ ያለነው ግን ጨርቋን ስናይ ሁላችንም እንረጋጋለን። ችንካር እያንዳንዱን ብሎን ሁለቴ ያጠብቃል። የበሩ ጎማ በእጅ እየተዳሰሰ ይገባል። ቶሎ ቶሎ እንኳን አንገቱን ያዞራል፤ የእህቱን መኪና ያሠራው እንደዚያ ነዋ። ጨርቅ የታሰረባት መኪና ተመልሳ ጥገና ስትገባ አይቼ አላውቅም።

እየበረርኩ ቤት ገባሁ። ራት ላይ አወራሁላቸው። አባቷ ራሱ "እንደዚያ ከሆነማ..." አለ። አሸነፍኩ!

ልጄ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እማዬ፣ ሌሎቹስ?"

"የትኞቹ ሌሎቹ?"

"ጨርቅ የሌላቸው። እነሱን የሚነዳቸው የማን ልጅ ነው?"

ተናደድኩ። ላንቺ ስል ነው፣ ውለታ አታውቂም፣ ተምረሽ ተምረሽ ልብሽ አበጠ... ያልተናገርኩት የለም። ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ጥቅምት 21

ይቺ ልጅ በማን ወጣች?

ጥቅምት 23

ዛሬ ውኃው ሲለቀቅ ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ ዋልኩ። አንዷ ቀይ መኪና ከዳሽቦርዱ ሥር ታንጠባጥባለች። ሽቦዎቹ እዚያው ናቸው። ሁለት ክረምት ሳይሞላት መብራቷ ይጠፋል፤ በጨለማ፣ ማን ያውቃል የት። ምልክት ለጠፍኩ። ቶሎ ቶሎ ላጠው። "የቀኑ ዒላማችን!" ብሎ ጮኸ። ዒላማው አናቱን ይበለው!

እኔስ? ወረድኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቀጣይዋ ውስጥ ገባሁ። ይኸው ነው ሥራዬ? እርጥብ መሆኗን አውቆ መውረድ?

በጣም የሚያሳርረኝ ደግሞ መሥራት አለመቻላችን አይደለም። እንችላለን! ጨርቅ ሲታሰር ያው እጅ፣ ያው ብሎን፣ ያው ጎማ ነው። ስንፈልግ እንችላለን... ለማናውቃቸው ሰዎች ነው የማንችለው። ለካ የውጭና የአገር ውስጥ እያልን የምንጨቃጨቀው በከንቱ ነው። እዚያ ማዶ ያቺን ነጯን መኪና የገጠሟት ሰዎች የማን እንደሆነች አያውቁም ነበር። በሯ ግን ጠቅ ይላል።

ጥቅምት 27

ልጄ ዝናብ ልብሴን ከገመድ ላይ እያወረደች አነጋገረችኝ። ከተጣላን ወዲህ ገና አሁን።

"ካንቺ ፋብሪካ እገዛለሁ" አለች።

"እውነትሽን ነው? ነገውኑ ጨርቁን..."

"ጨርቅ የለም። እንደ ማንም ሰው ሄጄ፣ ተራ ደርሶኝ፣ የመጣችልኝን። አንቺ ግን አንድ ነገር ትዪኛለሽ። ሳልፈራ እንድነዳት 'ግቢባት' ትዪኛለሽ። አንዴ 'ግቢባት' በይኝ፣ ያለ ምንም ጥያቄ እገባባታለሁ።"

ያ ኮረኮንች። ያ ስልክ የማይሠራበት መንገድ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ጋ እየበረረች...

የጠየቀችኝ አንዲት ቃል ናት። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ... ከዚያ ዝናብ ልብሱን አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችልኝና ገባች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 2

ነጯን ገዛች። ደላላው ሲፎክር ውሎ ሄደ፤ ጎርፉን የረሳሁለት መስሎታል።

መኪናዋ ከበራችን ፊት ቆማ ሳያት እፎይ አልኩ። በሙሉ ሆዴ እፎይ አልኩ! ከሁሉም በላይ ያበገነኝ ይሄ ነው። የእኛን መኪና የሰደበብኝ አባቷ ነው እያልኩ ስንጨረጨር ከረምኩ። አባቷ በአፉ ነው የሰደበው። እኔ ለልጄ 'ግቢባት' ሳልላት ቀርቼ ነው።

ኅዳር 5

ዛሬ ጉድ ሠራሁ።

ከቀኑ አጋማሽ ላይ አንዷ ቡናማ መኪና ገባች። ውኃው ሲለቀቅ ከኋላ ወንበር በኩል፣ ሕፃን የሚቀመጥበት ቦታ፣ ምንጣፉ ራሰ። ቀይ ለጠፍኩ። ቶሎ ቶሎ እጁን ዘረጋ፤ መሪውን አየ።

"ጨርቅ አላት?"

"የላትም።"

"ታዲያ ምንድነው? ይውረዱ እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ።"

አልወረድኩም። በሮቹን ከውስጥ ቆለፍኩ። መስታወቱን ደበደበ፣ ጮኸ፣ ለመነ፣ ደግሞ ጮኸ። አይሰማኝም፤ በሩ ያፈሳል እንጂ ድምፅስ ጥሩ ይከለክላል። ከኋላዬ መስመሩ ቆመ። ሰዉ ተሰበሰበ። ችንካር መስታወቱ ላይ ግንባሩን ሲደግፍ በጣት ስፋት ዝቅ አደረግኩለት፤ "አበድሽ እንዴ? ማን ናት ይቺ? ዘመድሽ ናት?" አለኝ።

"በሩን የገጠምከው አንተ ነህ። ና ሥራው!"

ፊቱ ቀላ። የሚሰድበኝ መሰለኝ። ቆይቶ ግን መሣሪያውን አምጥቶ ተንበረከከ። የኋላውን በር ብቻ ከፈትኩለት፤ ከመነሻው ፈትቶ ገጠመው። ውኃው እንደገና ተለቀቀ። እጄን ሰደድኩ... ደረቅ። ያኔ ወረድኩ።

ኅዳር 6

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው አስጠራኝ። ጽሑፍ አልወደደም፣ በቃል ነው ያስጠነቀቀኝ። መስመሩን ዳግመኛ ባቆም እንደሚያሰናብተኝ።

"የማን መኪና ነበረች?"

"አላውቅም።"

"የቤተሰብ?"

"አላውቅም አልኩዎ እኮ!"

"ታዲያ ለማያውቁት ሰው ምን አስለፋዎት?"

ምን አስለፋዎት! ለማያውቁት ሰው! ቆሽቴ ድብን አለ። "ጨርቅ ቢታሰርባትማ ማንም አይጠይቀኝም ነበር!" አልኩት።

"ምን ጨርቅ?"

ወይኔ... ምላሴን ብነክስ ምን ዋጋ አለው። ቀስ እያለ ጠየቀኝ፣ እኔም አንዴ ጀምሬው... ነገርኩት።

ኅዳር 11

ጨርቅ ተከለከለ። የሠራተኛ ቤተሰብ መኪና ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይሠራል፤ የትኛዋ እንደሆነች እስክንረከባት አይነገረንም። ፋብሪካው ሙሉ ጀርባውን ሰጠኝ። ምሳ ላይ ሁሉም ሳህኑን ይዞ ተነሳ። ብቻዬን በላሁ፤ ያውም እስኪበቃኝ።

ችንካር ብቻ መጣ። ሊሳደብ። "ልጄ መኪና አዟል! በዚህ ወር ነው የምትሠራው! አሁን የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ?"

"አታውቅም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

አየሁት። መልሱን ከእኔ ይጠብቃል። ሳህኔን አንስቼ ሄድኩ።

ኅዳር 24

የቶሎ ቶሎ ድምፅ ተዘግቷል። ከጩኸት ብዛት። መስመሩ ቀስ ብሏል፤ ችንካር ብሎን ሁሉ ላይ ይቆማል። እየረገመኝ ይቆማል። "የልጄ ብትሆንስ?" ይላል፣ ደግሞ ያጠብቃል። ልጁ ያዘዛት ወጥታ ይሁን ገና ይሁን አያውቅም። ከእሱ በታች ያሉትም እንዲሁ፤ አንዱ የወንድሙን፣ አንዷ የአማቷን ይጠብቃሉ። ሰላምታ ግን እስካሁን የለም። ይቅርብኝ።

ሁሉም አልደረቀም። ዛሬም አንዲቷ ጣሪያዋ ጥግ ላይ ራሰች። ቀይ ለጠፍኩ። ቶሎ ቶሎ መጣ፣ እጁን ዘረጋ... መልሶ ኪሱ ከተተው። የእሱም ዘመድ አዟል ማለት ነው!

ከሥራ ስወጣ ልጄ ደወለች። ደህና ናት። ነጯም ደህና ናት። አብራት የምትሠራ አዋላጅ መኪና ልትገዛ ነው አለች፤ 'እናትሽ ታውቃለች፣ ጠይቂልኝ' ብላታለች።

"ምን ልበላት እማዬ? ከእናንተ ትግዛ?"

'የመኪናዋን ቁጥር ንገሪኝና እኔ ራሴ በደንብ አይላታለሁ' ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ይሄስ ያው ጨርቅ ማሰር አይደል?

"ትንሽ ትቆይ በያት" አልኳት።

"እስከ መቼ?"

"የማን ልጅ እንደሆነች ሳልጠይቅ 'ግቢባት' እስክላት።"