ማንጎ ይዤ ስጠብቅ

ልጄ ታሜካ፣ በቶሮንቶ ብርድ ውስጥ ጌታ በክንፉ ይሸፍንሽ። እኔ እየተናገርኩ እህትሽ ኬሪስ ትጽፋለች፤ ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ጋ የተውሽው ልጅሽ ኦሼይን ሦስት ዓመት ሞልቶት አለመናገሩ እንቅልፍ ነስቶሽ ነበር። እድገታቸው የዘገየ ልጆችን ቤት ለቤት የምታስተምረው ሚስ ኢኔዝ፣ ዘሯ ይባረክ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «መዘግየቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ እማማ። ግን ሳይጠይቅ ይሰጡታል፤ ታዲያ ለምን ብሎ ይናገር? የሚፈልገውን በእጅዎ ይያዙና እስኪጠይቅ ይጠብቁት።»

ማንጎ ይዤ ዝም አልኩ። ኬሪስ «ትምህርቱ የከበደው እማዬን ነው!» ብላ ሳቀችብኝ።

በዘጠነኛው ቀን «ስጪኝ» አለ። ሰጥቼው አለቀስኩ።

እባክሽ፣ ስትደውዪ «እማዬ በለኝ» እያልሽ አታጣድፊው። ስሙን ጠርተሽ ዝም በይ፤ ቢቆይም ስልኩን አትዝጊ። ድምፁን ለመስማት ያብቃሽ።

እናትሽ