ለአንበሴ የተከደነ ሳህን

ጥቅምት 4
ባለመነጽሯ የመኪና መንዳት ተማሪዬ ዛሬም አደባባዩ ላይ መሪውን ለቀቀችው። ለቀቀችው ስል… በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፈነች! ደግነቱ በእኔም በኩል ፍሬን አለ። ረገጥኩት። "እግርሽ ይባረክ" አለችኝ።

ቤት ስገባ እማዬ የወንድሜን ምሳ ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። እንደ ሁልጊዜው። በሩም አልተቆለፈም። ሁለት ዓመት! የስፌት መኪናዋን ሸጦ ጠጥቶበት ከጠፋ ሁለት ዓመት… እኛን ያሳደገችበትን መኪና። እሷ ግን ዛሬም "አንበሴ" ነው የምትለው። የምን አንበሳ? የጠርሙስ አንበሳ።

"እማዬ፣ እስከ መቼ?"

"እግዜር እንኳ ሳይቸኩል አንቺን ምን ያስቸኩልሻል?"

ቢመጣ ግን እኔ ሳህን አላቀርብለትም። ምዬአለሁ።

ጥቅምት 11
ቄሱ ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ሰበኩ። ይታገሣል፣ እውነት ነው… ግን በማን ጀርባ? በእማዬ ጀርባ ነዋ! ተናድጄ ጸለይኩ። "እሷ በሕይወት እያለች ይምጣ፣ ፊቷ ቆሞ ይፈረድበት" አልኩ። ማረው አላልኩም።

ኅዳር 23
እማዬ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ሳቅን። ከሰዓት በኋላ ደግማ ጠራችኝ… አልሳቅኩም።

ታኅሣሥ 8
ሐኪሙ፦ "የመርሳት በሽታ ነው። ማዘግየት እንጂ መመለስ አንችልም።"

መንገድ ላይ "ሰውዬው ምን አለ?" ትለኛለች። "ደህና ነሽ አለ።" ሌላ ምን ልበላት?

ቤት ስንገባ ምሳውን ከደነች። እሱን አልረሳችም።

ጥር 2
መጣ።

ቄሱ ናቸው ይዘውት የመጡት። ከስቷል። ጢሙን ተላጭቷል። እጁ አይንቀጠቀጥም። መጠጥ ከተወ ዓመት ሊሞላው ነው አሉ፤ አፍሮ ነው የቆየው። ስንት ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር! አንዱንም ሳልወረውር እማዬን ጠራኋት።

እማዬ ከጓዳ ወጣች። ትኩር ብላ አየችው።

"ይግቡ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምዎታል?"

እርስዎ አለችው። የገዛ ልጇን።

እግሯ ላይ ወደቀ። "እማዬ፣ ይቅር በይኝ።"

"ኧረ ይነሡ! ምን በድለውኝ?" ደነገጠች። "እኔም የእርስዎ እኩያ ልጅ አለኝ… አንበሴ ነው የምለው። መንገድ ላይ ካገኙት በሩ አልተቆለፈም ይበሉልኝ።"

ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ።

ይኸው ፍርዱ። ፊቷ ቆሞ… እንዲህ ነው እንዴ የለመንኩት?

ጥር 15
በየቀኑ ይመጣል። "እኔ ነኝ እማዬ" ይላታል። "እግዜር ይስጥዎ፣ ደግ ሰው ነዎት" ትለዋለች። ምሳ ሰዓት "በልቻለሁ" እያለ ሳይበላ ይቀመጣል። እኔም መሐላዬን አላፈረስኩም።

ዛሬ ሲወጣ በር ላይ ያዘኝ። "እታለም… ይቅር ብላኛለች ማለት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ?"

እውነቴን ነው። ሳይመጣ ነው ይቅር ያለችው፤ በሩ ምስክር ነው። አሁን ግን ከማን አፍ ይስማው? ቄሱን ጠየቅኳቸው። "እኔም አላውቅም ልጄ" አሉኝ። ወደድኳቸው።

የካቲት 1
ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። የተከደነው ሳህን ፊቱ ነበር። ምን እንደነካው እንጃ… እጁን ሰዶ ክዳኑን ያዘ። እማዬ እጁን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

"ይሄንን እንኳ ይተዉልኝ። የልጄ ነው።"

ቀኝ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ረገጠ። በኃይል። መኪና ውስጥ ፍሬን እንደምይዝ ሁሉ። ምንም የቆመ ነገር የለም።

"እሺ እማዬ" አለ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገውም።

ጌታ ሆይ፣ በቃው። እኔ ነኝ የምልህ፣ ያቺው ከሳሹ። ማረው።

ተነሥቼ ለወንድሜ ሌላ ሳህን አቀረብኩለት።