የናቲ ግማሽ

ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም አራተኛ ክፍል። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ዘጠኝ። ሒሳቡን ከሁሉም ቀድሜ እጨርሳለሁ። እንግሊዝኛው ነው እዚህ የያዘኝ።

ከት/ቤት በኋላ ከድንበር ማዶ የመጣን ልጆች እንግሊዝኛ እንማራለን። መምህራችን ማዳም ዓርብ ፈተና አለ አለች። ያለፈ ወደ እኩዮቹ ክፍል ይወጣል። ፈተናው ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ግማሽ ነው። ከዚያ እኔን አይታ ቀስ ብላ ፖሌ አለችኝ። አይዞህ እንደማለት ነው፤ እዚህ ለሐዘንም ለእንቅፋትም አንድ ቃል ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ የወንድሜ የናቲ ነው። ነግሬህ አላውቅም፣ ደብተሬ። ለሁለታችን የደረሰን አንድ መጽሐፍ ነበር። ስንጣላበት እማዬ በቢላ ከመሃል ከፈለችው። ታናሽ ስለሆነ ፊተኛውን ለእሱ፣ ኋለኛውን ለእኔ። ናቲ ታሞ ሶሎሎ ሆስፒታል ከወሰድነው ሦስት ወር ሆነ። በሕይወት አልተመለሰም። ግማሹ በሹራቡ ተጠቅልሎ ከአልጋዬ ሥር አለ። አልከፈትኩትም።

ማክሰኞ

አዲስ ልጅ መጣች። ሰሚራ። ከሻሸመኔ፤ ኦዳ መንደር አክስቷ ጋ ነው ያረፈችው። መጽሐፍ የላትም። ማዳም አጠገቤ አስቀመጠቻት። የእኔን ግማሽ ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ "ይሄ መጽሐፍ ራስ የለውም እንዴ?" አለችኝ። ጭራ ብቻ ነው አልኳት። ሳቀች። ራሱስ ስትለኝ ጠፋ አልኳት።

ዋሸሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ስለ ሰሚራ ለእማዬ ነገርኳት። ጆንያ እየሰፋች ነበር፤ ቀና አላለችም። ልጅቷ ሳታነብ ከተፈተነች ከሕፃናት ጋር ሊያስቀምጧት ነው አለች።

ያልከፈትኩት በሐዘን ብቻ አይደለም። እውነቱን ልጻፍ። ቢላው ያረፈው የጠፋችው ፍየል ታሪክ መሃል ነው። ናቲ ሁልጊዜ "ከዚያስ?" ይለኝ ነበር። ቀጣዩ እኔ ጋ ነው። ራስህ አንብበህ ድረስበት እለው ነበር። እንዲጎብዝ ብዬ። ሳያውቀው ሄደ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ይዤው ሄድኩ። ከእነሹራቡ።

በየመስመሩ የናቲ እርሳስ። እያንዳንዱ ቃል ላይ አማርኛውን ጽፎበታል። ሰሚራ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የአህያ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ "ያሬድ" ይላል። ያሬድ ማነው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ማዳም እስክትገላምጠን ሳቅን። ከሦስት ወር ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ የማን እንደሆነ ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ ጣቷን በምራቅ እያራሰች ነበር ገጹን የምትገልጠው። ተወችው። ከጠርዙ ይዛ በቀስታ ትገልጠው ጀመር።

መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን። "ከዚያስ?" አለች።

ራስሽ ድረሽበት አላልኩም። የእኔን ግማሽ ከፍቼ አነበብኩላት። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲፈልጋት ይውላል፤ ፍየሏ ለካ ራሷ ወደ ቤት ተመልሳለች።

"ይሄው ነው? ጎልቦ ቆላ ብትሆን ጅብ በልቷት ነበር። አክስቴን ጠይቃት።"

ዓርብ

ተፈተንን። ውጤቱ ሰኞ ነው። ሰሚራ ከበሩ ሳትደርስ፣ "ፍየሏን ጠየቁ!" አለችኝ። ሁለታችንም ጽፈናታል።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

እማዬን የጆንያ መርፌዋን ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ ስታይ ተቀበለችኝና ራሷ ሰፋችው። ክሩ ወፍራም ነው፤ መጽሐፉ አልዘጋ አለ። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ብዙ ቆየች።

ከሰኞ ጀምሮ ሰሚራ ወደ ኦዳ ይዛው ትሄዳለች። ወስኛለሁ። ነገ ግን እኔ ጋ ነው። ናቲ መቃብር ጋ እወስደዋለሁ። የፍየሏን መጨረሻ አነብለታለሁ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ። ካልገባው ብቻ በአማርኛ።